ደብዳቤው ደርሶ ቀኑ እንዳያልፍ



ዛሬ የሥራ ፈተና ጥሪ፣ የትምህርት ዕድል፣ የቪዛ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በኢ-ሜይል ነው። ደብዳቤው ደርሶ፣ ተነብቦ፣ «ነገ እመልሳለሁ» ተብሎ ቀኑ ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሳይረሳ ሰዓቱን ተሳስቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። ቀጠሮ ቃል ነው፤ ቃልም አማና ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን የኮምፒውተር የኢ-ሜይልና የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚረዱን እንመለከታለን። ለምሳሌ የምንወስዳቸው የቆየውን የማይክሮሶፍት አውትሉክና በነፃ የሚገኘውን የሞዚላ ተንደርበርድ ነው።

አንደኛ፦ ደብዳቤውን ወደ ቀጠሮ ለውጡት። ቀን የተቆረጠበት ደብዳቤ ከሌሎች ጋር ተደራርቦ መቆየት የለበትም። በአውትሉክ ደብዳቤውን በማውዝ ጎትታችሁ የቀን መቁጠሪያው ምልክት ላይ ብትጥሉት የቀጠሮ ቅጽ ይከፈታል። በተንደርበርድ ደብዳቤው ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ኮንቨርት ቱ»፣ ቀጥሎም «ኢቨንት» የሚለውን ምረጡ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ደብዳቤውን እያያችሁ ራሳችሁ ሙሉ።

ሁለተኛ፦ ሰዓቱን አመሳክሩ። ኮምፒውተር ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ከንጋት ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ደብዳቤው ላይ 9:00 ኤ.ኤም ከተባለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 3:00 ፒ.ኤም ከተባለ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። በቀጠሮው ርዕስ ላይ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ መጨመር ከስህተት ያድናል። በኢትዮጵያ ላላችሁ የኮምፒውተሩ የሰዓት ክልል «ናይሮቢ» መሆኑንም ተመልከቱ፤ እርሱ ከተሳሳተ ከውጭ የሚላክ የስብሰባ ጥሪ ሁሉ ይዛባል። የሪያድ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን በብርድ ወራት 8፣ በሞቃቱ ወራት 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ሦስተኛ፦ «በየዓመቱ» የሚለውን ምርጫ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ፕሮግራሙ የሚደግመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳንና ዒድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ይቀድማሉ። ለዒድ የሥራ ፈቃድ የምትጠይቁ ሁሉ ቀኑን በየዓመቱ አዲስ ሙሉት፤ በጨረቃ ስለሚወሰንም አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ሊል እንደሚችል አስቡበት። የሀገራችን አቆጣጠርም የራሱ ጉዳይ አለው። መስከረም 1 ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ቢውልም፣ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር። 2020 ዓ.ም. የሚገባውም እንዲሁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው።

አራተኛ፦ ደወሉን አስቀድሙት። አውትሉክ ካልተነገረው በቀር የሚያስታውሰው ቀጠሮው 15 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከተማ አቋርጦ ለሚሄድ፣ ማስረጃ አስተርጉሞ ለሚያቀርብ ሰው ይህ ምን ይጠቅማል? ሁለት ቀጠሮ መዝግቡ፤ አንዱ ከ3 ቀን በፊት ለወረቀት ማዘጋጃ፣ ሌላው ለዕለቱ። ኮምፒውተሩ ከጠፋ ወይም ፕሮግራሙ ከተዘጋ ደወሉ አይጮህም። ስለዚህ በየጠዋቱ መክፈትን ልማድ አድርጉ። መብራት ሊጠፋም ይችላልና ትልቁን ቀጠሮ ግድግዳ ላይ በወረቀት መለጠፍ አይናቅም።

በመጨረሻ ለወጣቶች አንድ አደራ አለን። ኮምፒውተር የማያውቁ አባትና እናት ደብዳቤያቸው የሚመጣው በእናንተ አድራሻ ነው። የአባትን የሐኪም ቀጠሮ፣ የእናትን የጉዞ ቀን ከራሳችሁ ጉዳይ አስቀድማችሁ መዝግቡ፤ በዚያው ዕለትም በቃል ንገሯቸው። እነርሱ የሚያውቁት እናንተ የነገራችኋቸውን ብቻ ነውና።