በመዝሙር መካከል ስለሚመታው ዜማ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዘማሪዎቹ ከአዝማቹ በኋላ ሲያርፉ ተራው የኪቦርድና የጊታር ነው። እኔም ባለፈው ክረምት ጊታር ስመታ ዝምታን እንደ ነውር ቈጥሬ ቀዳዳውን ሁሉ እሞላ ነበርና ምእመናኑ ቀጣዩን ከየት እንደሚያነሡ ጠፋባቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ አምባሰልና ባቲ የተባሉት ቅኝቶች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ አይደለምን? አምባሰል ያሉት ድምፆች 5 ናቸው፤ ዶ፥ ዝቅ ያለ ሬ፥ ፋ፥ ሶል፥ ዝቅ ያለ ላ። ሚ የለበትም። ባለ ኪቦርዱ እንደ ልማዱ በዶ ላይ ኮርድ ሲመታ ግን ሚ ሰተት ብሎ ይገባና ቅኝቱ ይፈርሳል። እንግዲህ በዚያች ዕረፍት ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ብቻውን ዜማውን አንድ ጊዜ ቢደግም፥ እኛም እጃችንን ብንሰበስብ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማሲንቆ የአዝማሪ ነው የሚሉን ሽማግሌዎች አሉ፤ ጊታሩስ የማን ነበር?