የሕመምተኛ ምሥጢርና የመዝገብ ሰንሰለት

ሰው ለእናቱም ሆነ ለነፍስ አባቱ የማይገልጸውን ነገር ለሐኪም የሚገልጽበት ጊዜ አለ። ሐኪሙም የሰማውንና መርምሮ ያገኘውን በካርድ ላይ ያሰፍረዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምሥጢሩ በሁለት ሰዎች ልብ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ በካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ በላቦራቶሪ ባለሙያና በመድኃኒት ቤት እጅ ያልፋል። ታዲያ ያ መዝገብ የማን ነው? ማንስ ሊከፍተው ይገባል? በእኔ አስተያየት መዝገቡ ከሁሉ በፊት የሕመምተኛው ነው፤ ማንኛውም አዲስ ዘዴ የሚመዘነውም ይህን መብት በማስከበሩ ወይም ባለማስከበሩ ነው።

በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘውን የገርጂን ሠፈር ለአብነት እንመልከት። የገርጂ ነዋሪ ቀለል ያለ ሕመም ሲሰማው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በአቅራቢያው ወዳለ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሲጠናበት ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» ወደሚለው፣ በዚያው አካባቢ ወዳለው ሆስፒታል፣ አለዚያም ከተማውን አቋርጦ ወደ ጥቁር አንበሳ ይዘልቃል። በአብዛኛው በየደረሰበት አዲስ ካርድ ያወጣል። ታሪኩን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስለት በኪሱ አጣጥፎ የያዘው የሪፈር ወረቀት ነው። አንዲት እናት ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ከዓመታት በፊት በአንድ ክሊኒክ ካርድ ላይ ተጽፎ ነበር እንበል። ራሷን ስታ ሌላ ሆስፒታል ብትደርስ ያ ጽሑፍ ምን ይጠቅማታል? መዝገቡ አለ፤ ነገር ግን ከባለቤቱ ጋር አልመጣም። ስለዚህ ምሥጢርን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን፣ በአስፈላጊው ሰዓት ለሚገባው ሐኪም ማድረስም የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ልብ በሉ።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በየአገሩ የሚነገርለት «ብሎክቼይን» የተባለው ዘዴ ነው፤ በአማርኛ «የመዝገብ ሰንሰለት» ብንለው ያስኬዳል። አሠራሩን ለመረዳት የሠፈራችሁን እድር አስቡ። ጸሐፊው በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ካለፈው ገጽ የዞረውን ሒሳብ ይጽፋል። አንድ ሰው በሦስተኛው ገጽ ያለውን ቁጥር በስውር ቢፍቅ ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ገጾች ሁሉ ይመሰክሩበታል። የመዝገቡ ቅጂ በጸሐፊው ቤት ብቻ ሳይሆን በየአባሉ ቤት ቢኖር ደግሞ፣ ማጭበርበር የሚሻ ሰው ቅጂዎቹን ሁሉ መፋቅ ሊኖርበት ነው። የመዝገብ ሰንሰለትም እንዲሁ ነው፤ የዞረውን ሒሳብ የሚተካው ከጽሑፉ በሒሳብ ቀመር የሚወጣ አጭር አሻራ ነው። ከጽሑፉ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዘዴው ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በቢትኮይን አማካይነት ነው።

«እንግዲያውስ የሕመምተኛውን ታሪክ ሁሉ በሰንሰለቱ ላይ እንጻፈው» የሚሉ አሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። የሰንሰለቱ ጥንካሬ የተጻፈበት አለመፋቁ ነው፤ ለሕመምተኛ ግን ይኸው ጥንካሬ አደጋ ሊሆን ይችላል። የእድር መዋጮ መዝገብ በመቶ ቤት ቢቀመጥ የሚጎዳ የለም፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ግን፣ ተቆልፎም ቢሆን፣ በመቶ ቤት ሊቀመጥ ይገባልን? ዛሬ የማይፈታ ቁልፍ ከሃያ ዓመት በኋላ ይፈታ ይሆናል፤ ሕመምተኛው ግን ያን ጊዜም ጎረቤትና አሠሪ ያለው ሰው ነው። በፊንላንድ የደረሰውን ተመልከቱ። ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሕመምተኞች መዝገብ መሰረቁ እ.ኤ.አ. በ2020 ታወቀ። ዘራፊው ከድርጅቱ የጠየቀውን ገንዘብ ባጣ ጊዜ ወደ ሕመምተኞቹ ዞሮ፣ ካልከፈሉት ለሐኪም የነገሩትን እንደሚያወጣባቸው እየጻፈ አስፈራራቸው።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን ያወጣችው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተመዘገበው ስሕተት እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በማይፋቅ መዝገብ ላይ የሌለበት በሽታ ቢጻፍበት እንዴት ይታረምለታል? ሰንሰለቱ የተጻፈው እንዳይለወጥ ይጠብቃል እንጂ እውነት መሆኑን አይመረምርም።

ስለዚህ ሕመሙን የሚገልጸው ጽሑፍ በሆስፒታሉ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በሰንሰለቱ ላይ የሚሰፍረው የጽሑፉ አሻራና፣ መዝገቡን ማን መቼ እንደ ከፈተው የሚያሳየው ምስክርነት ብቻ ይሁን። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋርድታይም ከተባለ የአገሯ ኩባንያ ጋር ይፋ ያደረገችው አሠራር ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ መዝገቦቹ ራሳቸው በሰንሰለቱ ላይ አይቀመጡም። በዚያች አገር ታካሚው መዝገቡን እነማን እንደ ተመለከቱት በኢንተርኔት ገብቶ ማየት ይችላል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደስተኝ ይህ ነው። የጎረቤቱን ካርድ ለወሬ የሚገልጥ ሠራተኛ ስሙ በማይፋቅ መዝገብ እንደሚሰፍር ካወቀ እጁን ይሰበስባል።

በእኛም አገር ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ሰንሰለት ከሠራው ኩባንያ ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በዚህ ዘዴ ለመመዝገብ ያደረገው ስምምነት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተገልጾ ነበር። ለተማሪ ከታሰበ ለታካሚስ ለምን አይሆንም? የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ውጤትና ሕመም አንድ አይደሉም። የፈተና ውጤታችሁን ለአሠሪ ልታሳዩት ትሻላችሁ፤ የሚያስፈልጋችሁ ሐሰተኛ አለመሆኑን የሚመሰክር ማኅተም ነው። ሕመማችሁን ግን የምትገልጹት ለጥቂት ሰዎች፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ የቁልፉ ጉዳይ ነው። ቁልፉ በሕመምተኛው ስልክ ውስጥ ይሁን ቢባል፣ ስልክ የሌላቸው አያት ምን ያድርጉ? የፋይዳ መታወቂያ ሰውየው ማን መሆኑን ለማወቅ ሊረዳ ይችላል፤ ፈቃዱን ግን አይተካም። ራሷን ስታ የመጣችው እናትም ፈቃድ ልትሰጥ አትችልም። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ተረኛው ሐኪም በራሱ ስምና ኃላፊነት መዝገቡን ይክፈት፤ መክፈቱም ወዲያውኑ በሰንሰለቱ ላይ ይስፈር። እናቲቱ በነቃች ጊዜ ማን እንደ ከፈተው ይነገራት፤ ምክንያቱን ለመጠየቅም ማስረጃው በእጅዋ ይሁን።