ሊበራል አርትስ ለስደተኛ ያዋጣል ወይ?

ሞያሌ፣ ኬንያ - በሞያሌ በኩል ገብተው ካኩማ የደረሱ ወጣቶች የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ ታሪክ፣ ፍልስፍና ወይም ሶሺዮሎጂ ተምሮ እንጀራ ይበላል ወይ?

ክፍያውን ብቻ ካየን ነገሩ ቀላል ይመስላል። በካኩማ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢየሱሳውያን አማካይነት የተሰጠው የሊበራል ስተዲስ ዲፕሎማ የአሜሪካው ሬጂስ ዩኒቨርሲቲ ወረቀት ነበር፤ ተማሪው አይከፍልም። በ1992 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕም የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ይሸፍናል። ትልቁ ወጪ ግን ጊዜ ነው። ሦስት አራት ዓመት ያለ ገቢ መቀመጥ ቤተሰብ ላለው ከባድ ነው።

ትርፉስ? ኬንያ ውስጥ ስደተኛ በመደበኛ ደመወዝ ለመቀጠር ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃድ ከሌለው በካምፕ ውስጥ አስተማሪም ሆነ አስተርጓሚ የሚያገኘው ኢንሴንቲቭ ነው፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ኬንያዊ ከሚያገኘው በጣም ያንሳል። ኢንጂነሩም ከዚህ አያመልጥም። እንግዲህ ገቢውን የሚወስነው ከትምህርቱ ዓይነት ይልቅ ፈቃዱ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ነርስ አገር ሲቀይር የሙያ ፈቃዱን እንደገና ማውጣት አለበት። በእንግሊዝኛ አጥርቶ መጻፍና ሪፖርት ማዘጋጀት ግን የትም አብሮ ይሄዳል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ለሚችል ሰው ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚሰጠው ዲፕሎማ ነው ወይስ ዲግሪ? የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ያውቀዋል? ክሬዲቱን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይቀበለዋል? መልሱን በጽሑፍ ሳትይዙ አትፈርሙ።