ሰውነትም ሐቁን ይጠይቃል



የፈተና ውጤት ተሞልቶ ካርድ በተሰጠ ማግስት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ልጄ 83 ነው ያመጣሁት እያለች ታለቅሳለች፤ ካርዷ ላይ ያለው 38 ነው። ማንን ልመን?» አሉኝ። ወረቀቷን አውጥቼ ባየው ልጅቷ እውነቷን ነው። ቁጥሩን ያገላበጠው የእኔ እጅ ነበር። በዚያ ሰሞን ከሱብሒ በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን አቀራለሁ፤ ቀን መደበኛውን፣ ማታ የማታውን ክፍል አስተምራለሁ፤ ውጤት የምሞላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ስህተቱ በአምስት ደቂቃ ታረመ። ልጅቷ አባቷ ሳያምኗት አልቅሳ ያደረችው ሌሊት ግን እኔ ላይ የቀረ ሐቅ ነው።

በእኛ ዘንድ «ደከመኝ» ማለት እንደ ስንፍና ይቆጠራል። እርግጥ ነው፣ ለሐላል ሪዝቅ መልፋት ክብር ነው። ይሁን እንጂ ከልክ ያለፈ ድካም የሚጎዳው የደከመውን ሰው ብቻ አይደለም። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ል. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መውረድ በሚገባው ጊዜ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ማረፊያውን አልፎ ሄደ። አብራሪዎቹን እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበርና የቀሰቀሳቸውም የማስጠንቀቂያ ደወል እንደሆነ የአቪዬሽን ዘገባዎች ገለጹ። አየር መንገዱ በበኩሉ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር አስታውቆ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ አብራሪዎቹን ከበረራ አነሳ። አልሐምዱሊላህ፣ አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። እስቲ እናስተውል! አስካሪ መጠጥ በአፋችን ሳይዞር እንደጠጣ ሰው ሆነን መሪ እንጨብጣለን፤ መርፌ እንወጋለን፤ የሰው ልጅ ውጤት እንሞላለን።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው? አንዱን መስመር ደጋግሞ ማንበብ፣ አሁን የሠሩትን መርሳት፣ በጥቃቅን ነገር መቆጣት፣ ዕቃ ከእጅ መውደቅ፣ በተቀመጡበት ለሰከንዶች ማሸለብ ናቸው። የደከመ ሰው የራሱን ድካም በትክክል መመዘን ይሳነዋል። ስለሆነም ባለቤቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ሲነግረው ሊቀበል ይገባል።

እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሸማኔዎቻችን እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ። ገቢያቸው በሠሩት ልክ በመሆኑ በተለይ በዓል ሲደርስ ሌሊቱን ይጨምሩበታል። ዓይን ሲደክም ግን ጥለቱ ይሳሳታል፤ የተሳሳተውን ፈትቶ እንደገና መሥራት ይመጣል። በሌሊት የተገኘው ትርፍ ቀን ይከፈላል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቡናና ጫት ድካምን ይደብቁታል እንጂ ዕዳውን አይከፍሉም፤ ዕዳው የሚከፈለው በእንቅልፍ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። የቀትር እረፍት (ቀይሉላ) ከደጋግ ቀደምቶች የወረስነው ልማድ ነው፤ 20 ደቂቃ እንኳ ትጠቅማለች። በረመዳን በተራዊሕና በሱሑር መካከል እንቅልፍ ስለሚቆራረጥ ጥንቃቄ የሚሻውን ሥራ አእምሮ ንቁ በሆነበት ሰዓት ማድረግ ይበጃል። በቂ ተኝቶም ድካሙ ለሳምንታት ያልለቀቀው ሰው ግን ሐኪም ይይ፤ የደም ማነስ፣ ስኳር ወይም ጭንቀት ሊሆን ይችላል።

ተቀጣሪዎችም መብታችሁን እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ይገድባል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት እረፍትም ይሰጣል። አሠሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም ይህን እንደ አማና ያዙት።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ወዳጃቸው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) ቀን በጾም ሌሊት በሶላት ራሳቸውን ሲያደክሙ ባዩ ጊዜ፣ ጌታም፣ ነፍስም፣ ቤተሰብም እያንዳንዱ ሐቅ እንዳለው ነገሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገራቸውን አጸኑላቸው። ለዒባዳ እንኳ ልክ ከተበጀለት ለትርፍ ሰዓት ገንዘብ እንዴት አይበጅለት?

እኔ ያን ቀን ልጅቷን በአባቷ ፊት «አፉ በይኝ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ውጤት የምሞላው ጠዋት ነው፤ ባልደረባዬ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ከማታው ክፍል ሁለቱን ምሽት ለሌላ መምህር ለቀቅሁ። ገቢዬ ቀነሰ፤ ልጆቼ ግን በእነዚያ ምሽቶች አባታቸውን ነቅቶ ያገኙታል።

አላህ ለሁላችንም ያግራልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።