የፓወር ሰፕላይ ነገር

ሙዚቃን በጥሩ ዕቃ ማድመጥ ሱስ የሆነባቸው ወዳጆች አሉን። እነሱ «ሃይ-ፋይ» ይሉታል፤ እናቶቻችን «ቴፕ» ብለው ያልፉታል። አካሄዱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ አምፕሊፋየር ይገዛል፣ ቀጥሎ ስፒከር፣ ትንሽ እጅ ሲረጥብ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻ። ሁሉም ተሟልቶ ሰውየው ዐርፎ ማድመጥ ሲገባው አንድ ጓደኛ ብቅ ይልና «ፓወር ሰፕላዩን ቀይረኸዋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህቺ ጥያቄ የስንቱን ወጣት ቁጠባ እንደበላች ቤቱ ይቁጠረው።

ለማያውቅ ባጭሩ እንንገረው። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ነው። የሙዚቃ ዕቃ ግን ሆዱ ውስጥ የሚፈልገው ዝቅ ያለና ሳይዋዥቅ በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ ነው። ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር፣ አቅጣጫ የሚያስይዘው ዳዮድ፣ የሚያጠራቅምና የሚያለሰልሰው ካፓሲተር፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ሆነው ፓወር ሰፕላይ ይባላሉ። ስፒከሩን የሚነቀንቀው ጉልበት በሙሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ «ፓወር ሰፕላይ ለድምፅ ወሳኝ ነው» የሚሉ ሰዎች አልዋሹም። ክርክራችን እሱ ላይ አይደለም። ጤነኛውን አውጥቶ በውድ መተካት ምን ይጨምራል? የኛ ጥያቄ ይህ ነው።

ይህን መንገድ በደንብ የሄዱበት የብሪታንያ ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው ኔይም ዋናውን ዕቃ ይሸጥና ለዚያው ዕቃ ኃይል ከማቅረብ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሳጥን ለብቻው ይሸጣል። ከዚያ ሳጥን በላይ የሚበልጥ ሳጥን አለ። የስኮትላንዱ ሊን እ.ኤ.አ. በ1972 ላወጣው ኤልፒ12 የሸክላ ማጫወቻ በ1982 «ቫልሃላ»፣ በ1990 ደግሞ «ሊንጎ» የተባለ ፓወር ሰፕላይ አቅርቧል። እነዚህን ኩባንያዎች ቀጣፊ አንልም፤ መሐንዲሶቻቸው ሥራቸውን ያውቃሉ። የሚያስቸግሩን ስለ ሳጥኖቹ የሚጽፉት ናቸው። «ከሙዚቃው ጀርባ ያለው ዝምታ ጠለቀ»፣ «ባሱ መሬት ያዘ»። ምን ያህል? ከምን ጋር ሲነጻጸር? ማን አየው? ጋዜጠኝነት ስንማር ጥቅም ያለውን ምንጭ ሁለቴ አጣራው እንባል ነበር። ደመወዙን አውጥቶ ሳጥን የገዛ ሰው ስለ ሳጥኑ ሲመሰክር ጥቅም ያለው ምንጭ ነው፤ ገንዘቡ በከንቱ እንዲቀር ማን ይፈልጋል?

ደግሞም ምክሩ ከእነሱ ቤት ተነሥቶ እኛ ቤት ሲገባ መልኩ ይቀየራል። የአዲስ አበባ ግቢ እናስብ፤ ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ። እማማ ምጣዱን ይሰካሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል። ሽቦው ቀጭንና ረዥም ከሆነ 220 የነበረው ቮልት 180 ሊደርስ ይችላል፤ አምፖሉ ፈዘዝ ሲል ታዩታላችሁ። (የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የለም ወይ ለሚለን፣ ኃይል ማመንጨት ሌላ፣ የግቢያችን ሽቦ ውፍረት ሌላ።) ቮልቴጁ በዚህ ልክ ሲወርድ የአብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ከፍተኛ ጉልበት በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ሲሶ ሲባል ያስደነግጣል። ጆሮ ግን እንዲህ አይቆጥርም፤ ልዩነቱ 2 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም፣ ያውም ድምፁን እስከ ጥግ ለሚከፍት ሰው። ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጡ ለሚያደምጡ አምፕሊፋየሩ የሚያወጣው አንድ ሁለት ዋት ቢሆን ነው።

እንግዲህ ስታብላይዘር የምንገዛው ድምፅ ለማሳመር አይደለም። በሦስት ፌዝ መስመር ላይ ኒውትራሉ ሲላላ ወይም ሲበጠስ 220 ይመጣበት የነበረው ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ያን ቀን ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም አምፕሊፋየሩም አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ስታብላይዘር ስትመርጡ ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ መሆኑን፣ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ የሚለቅ መሆኑን ጠይቁ። አቅሙም ከዕቃችሁ በደንብ ይብለጥ፤ የተጨናነቀ ስታብላይዘር ራሱ ችግር ነው። ሲሠራ «ቀጭ» «ቀጭ» ስለሚል ከማድመጫ ወንበራችሁ ራቅ አድርጉት። በውድ ሳጥን የሚወጣው ገንዘብ በኛ ከተማ መጀመሪያ እዚህ ቢውል እንመርጣለን። እርግጥ ስለሱ ግጥም የሚጽፍለት ሰው አይገኝም።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ሰዎችን ወደ ፓወር ሰፕላይ የሚነዳው ዋናው ብሶት «እምምም» የሚለው ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ አንድ ዓይነት ሕመም አይደለም። ላፕቶፓችሁን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝታችሁ «እምምም» ካለ ቻርጀሩን ንቀሉና በባትሪ አጫውቱት። ዝም ካለ ጉዳዩ ኤሌክትሪኩ በሁለት መንገድ ወደ መሬት እየዞረ መሆኑ ነው፤ ሁለቱንም ዕቃ ከአንድ ሶኬት መሰካት ብዙ ጊዜ ይቀንሰዋል፣ ካልሆነም በመካከል የሚገባ ትንሽ ማግለያ ትራንስፎርመር አለ። ምንም አዲስ ፓወር ሰፕላይ አያስፈልግም። ከአጎት የተወረሰው፣ 40 ዓመት ያለፈው አምፕሊፋየር ምንም ነገር ሳይገናኝለት የሚያጉረመርም ከሆነ ደግሞ ሌላ ነው፤ ካፓሲተሮቹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ደርቆ ይሆናል። እነሱን በሚያውቅ ባለሙያ ማስቀየር እውነተኛ ለውጥ ነው፤ ልዩነቱን ጎረቤትም ይሰማዋል። ራሳችሁ አትክፈቱት። ተነቅሎም ቢሆን ኃይል ያዝላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። «እምምም»ን ለማጥፋት የኧርዟን ሽቦ ቁረጣት የሚል ምክር በየሱቁ ይሰጣል። ድምፁ ይጠፋል፤ እውነት ነው። ግን ያቺ ሽቦ የተቀመጠችው በዕቃው ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩ የብረት ሽፋኑን ሲነካ ፊውዙ እንዲበጠስ ነው። ከተቆረጠች ሽፋኑ 220 ቮልት ይዞ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ የሚነካው ደግሞ አቧራ ሊጠርግ የመጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ይህን ምክር ለደንበኛው የሚሰጥ ሰው ባለሙያ ነኝ ባይል ደስ ይለናል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ሶኬቱ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሆኖ ኧርዙ የትም አይደርስም። ለሃይ-ፋይ ገንዘብ የያዘ ሰው ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ይህን ያስለካ።

በጣም የሚያከራክረው በትንንሾቹ ዕቃዎች ላይ ነው። ኮምፒውተርን ከአምፕሊፋየር የምታገናኘው «ዳክ» የተባለችው ዕቃ ብዙ ጊዜ የምትፈልገው 5 ቮልት ብቻ ነው። ከስልክ ቻርጀር፣ ከፓወር ባንክ፣ ወይም በከባድ ትራንስፎርመር ከሚሠራው «ሊኒየር» ከሚባለው ሳጥን ልታገኘው ትችላለች። ቻርጀር በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ ጫጫታ ይፈጥራል የሚለው ክስ ትክክል ነው። ክሱ የማይነግረን በደንብ የተሠራች ዳክ ያን ጫጫታ የምታጣራበት የራሷ ክፍል እንዳላት ነው።

ሦስቱን አምጥተን አወዳደርናቸው። አንዳችን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ዕጣ እያወጣ ይቀያይራል፣ ሌሎቻችን የሰማነውን በየወረቀታችን እንጽፋለን፣ ማንም የማንንም አያይም። ላቦራቶሪ አይደለም፤ ሳሎን ነው። መጋረጃው ሳይወርድ በፊት ሊኒየሩ ሳጥን በአድናቆት ብዛት አንደኛ ነበር። መጋረጃው ከወረደ በኋላ የሁላችንም መልስ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የማይሻል ሆነ፤ የሳጥኑ ባለቤት መልስም ጭምር። እሱ አሁንም «ልዩነቱ በረዥም ማድመጥ ነው የሚገባው» ይላል። ይሁንለት፤ ግን ረዥሙንም ማድመጥ ሳያይ ያድምጠው። ርካሽ ቻርጀር የሚያፏጭባችሁ ካላችሁ ደግሞ ለአንድ ምሽት በፓወር ባንክ ሞክሩት። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው፤ የተሻለ ቻርጀር ግዙ። ካልጠፋ ሊኒየሩም አያጠፋውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ለፓወር ሰፕላይ ሙሉ በሙሉ እጅ እንሰጣለን፤ እሱም ሸክላ ላይ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሸክላ ማጫወቻ ይልካል። እዚህ 220ውን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይገዛለታል፣ ይሰካል፣ ይዞራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሠረተው ከአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች አንዱ ይደረግና ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ምልልሱን አይለውጥም። የአሜሪካው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የኛው 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ የአንዳንድ ማጫወቻዎች ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ምልልስ ነው። በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል፣ ድምፁም በፒያኖ ቁልፍ ቢቆጠር ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወፍራል። መጋረጃ አያስፈልግም፤ ልጅም ይለየዋል። የራሱን ምልልስ የሚያመነጭ ፓወር ሰፕላይ እዚህ ላይ ዋጋውን ያገኛል፤ ቫልሃላና ሊንጎም ምልልሳቸውን ራሳቸው የሚያመነጩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1979 እንደወጣው ቴክኒክስ ኤስኤል-1200ኤምኬ2 ፍጥነታቸውን በራሳቸው ኳርትዝ የሚቆጣጠሩ ማጫወቻዎች ግን ይህ አይመለከታቸውም፤ ቮልቱ ብቻ ይስማማ።

አጎታችሁ የላከው ቺንጋ ያለው ከሆነ ደግሞ ሳጥን ከማዘዛችሁ በፊት ሳህኑን አንሡና ሞተሩ ላይ ያለችውን ፑሊ እዩ። ለ50 የተሠራች ወፈር ያለች ፑሊ ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ አምራቹ ካላስቀረ የምትታዘዝ ናት፣ ካጣችሁም ልኩን ይዛችሁ ቶርኖ ቤት ሂዱ። ከድሮዋ በውፍረት አንድ አምስተኛ መብለጥ አለባት፣ ቺንጋው የሚያርፍበት ቦታም በጥንቃቄ ይለካ።