የ17 ዓመቱ ተኳሽና በየመዝገቡ ተበታትነው የቀሩት መረጃዎች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 2002 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሚገኝ አንድ የአውራ ጎዳና ማረፊያ ላይ ሁለት ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ እንደተኙ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ውለዋል። አንደኛው የ41 ዓመቱ የቀድሞ ወታደር ጆን አለን ሙሐመድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና 17 ዓመቱ የነበረው የጃማይካ ተወላጅ ሊ ቦይድ ማልቮ ነው። ሁለቱ ከኦክቶበር 2 ጀምሮ በነበሩት ሦስት ሳምንታት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 10 ሰዎችን ገድለው 3 አቁስለዋል።

ጉዳዩ ከ20 ዓመታት በላይ ቢያስቆጥርም፣ ዛሬም በሕግ አስፈጻሚዎችና በዳኞች ዘንድ መነሳቱ አልቀረም። ምክንያቱ የሟቾቹ ቁጥር ብቻ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወንጀለኞቹን ለመያዝ የሚያስፈልጋቸውን መረጃ በእጃቸው ይዘው ሳለ ለሳምንታት ሲፈልጓቸው መቆየታቸው በተለይ ትኩረት የሚሻ ነው።

በጥቃቱ የተገደሉትን ሰዎች እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ነገር አልነበረም። በኦክቶበር 3 ጠዋት ብቻ፣ ከሁለት ሰዓት እምብዛም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ ሣር በማጨድ ላይ የነበረ፣ ለታክሲው ቤንዚን ይቀዳ የነበረ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብላ የነበረችና መኪናዋን ታጸዳ የነበረች አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በአንድ ጥይት ተገድለዋል። ከአራት ቀናት በኋላ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሰለ። በርካታ ኢትዮጵያውያንም በሚኖሩበት በዚሁ አካባቢ ቤንዚን መቅዳትና ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ የሚያስፈራ ተግባር ሆኖ ሰነበተ። ከዚያም ቀደም ብሎ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን በአትላንታ ከተማ የተገደለን አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎልማሳ ጉዳይ መርማሪዎች በኋላ ከእነዚሁ ሁለት ሰዎች ጋር አያይዘውታል።

ማልቮ እ.ኤ.አ. በ1985 በኪንግስተን ከተማ የተወለደ ነው። ወላጆቹ የተለያዩት በልጅነቱ ሲሆን፣ እናቱ ሥራ ፍለጋ ስትዘዋወር እርሱ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲተላለፍ አድጓል። በአንቲጓ ደሴት ሳለ ከሙሐመድ ጋር ተዋወቀ። ሙሐመድ በወቅቱ ሦስት ልጆቹን ከእናታቸው ነጥቆ ወደዚያው የመጣ፣ ለአሜሪካ ጉዞ የሚሆን ሐሰተኛ ሰነድም የሚያዘጋጅ ሰው ነበር። የማልቮ እናት በዚሁ መንገድ ወደ ፍሎሪዳ ስትሄድ ልጁ በሙሐመድ እጅ ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ "አባቴ" እያለ ይጠራው ጀመር። በ2001 መጨረሻ ሁለቱ በዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ፣ በቤት አልባዎች መጠለያ ውስጥ አብረው ይኖሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር የድንበር ጠባቂዎች ማልቮንና እናቱን በሕገ ወጥ ነዋሪነት ይዘው አሻራቸውን ከወሰዱ በኋላ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳያቸው እስኪታይ በዋስ ለቀቋቸው። ልጁ ወደ ሙሐመድ ተመለሰ። በፌብሩዋሪ 2002፣ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በታኮማ ከተማ የአንዲት የ21 ዓመት ወጣት ሕይወት በጥይት ጠፋ። ማልቮ ይህንንም ግድያ በኋላ አምኗል። በጥቃቱ ያገለገለው ጠመንጃ ከዚያው ከተማ ከአንድ የመሣሪያ መሸጫ የወጣ ሲሆን፣ የሽያጭ መዝገብ አልተገኘለትም። ከሁለቱ አንዳቸውም መሣሪያ የመግዛት ሕጋዊ መብት አልነበራቸውም።

የምርመራው ሂደት በተለይ በሥራ ኃላፊዎች ዓይን ሲታይ እጅግ አስተማሪ ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን ማምሻውን በአላባማ ግዛት ሞንትጎመሪ ከተማ በአንድ የመጠጥ መደብር ደጃፍ አንዲት ሴት ተገድላ ሌላዋ ቆስላለች። በሥፍራው በወደቀ የጦር መሣሪያ ካታሎግ ላይ የጣት አሻራ ተገኝቷል። የዚህ አሻራ ባለቤት በፌዴራሉ መንግሥት የኢሚግሬሽን መዝገብ ላይ ፎቶግራፉና ስሙ ያለ ልጅ ነበር። ይሁንና አሻራው ከፌዴራሉ መዝገብ ጋር የተገናዘበው ከአንድ ወር በኋላ ነው። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት አሥሩም የዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች አለቁ ለማለት ይቻላል፤ የመጨረሻው ሟች የተገደለው አሻራው በታወቀ ማግስት ነውና።

ፖሊስ በዚያን ጊዜ የሚፈልገው ነጭ የጭነት መኪና ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምስክሮች የሰጡት ቃል ሕዝቡንም ፖሊሱንም ወደ ነጭ መኪና መራ። አሮጌ ሸቭሮሌት ካፕሪስ ከአንዱ ግድያ ሥፍራ ሲርቅ ያየ ምስክር ቢኖርም ቃሉ ክብደት አላገኘም። ሰማያዊዋ ካፕሪስ በየፍተሻው ታልፋለች፤ ኦክቶበር 8 ቀን የባልቲሞር ፖሊስ ሙሐመድን በመኪናው ውስጥ ተኝቶ አግኝቶ፣ ሰሌዳውን አጣርቶ አሰናብቶታል። ፖሊሱን መውቀስ ይከብዳል፤ የተሰጠው ትዕዛዝ ስለ ሌላ መኪና ነበርና። ፍንጩን በመጨረሻ የሰጡት ወንጀለኞቹ ራሳቸው ናቸው። በስልክ በሞንትጎመሪ የፈጸሙትን ግድያ በመጥቀስ ፎከሩ፤ መርማሪዎችም ወደ አላባማ ደውለው አሻራውን አገኙ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ አዛዥ ቻርለስ ሙስ የመኪናዋን ሰሌዳ የያዘው መረጃ ለሕዝብ በተሰራጨ በሰዓታት ውስጥ ሁለቱ ተያዙ።

ማልቮ በመጀመሪያ ተኳሹ እኔ ነኝ ሲል ቢናዘዝም፣ በኋላ ቃሉን የሰጠው ሙሐመድን ከሞት ፍርድ ለማዳን እንደነበር ገልጿል። በ2003 መጨረሻ በቨርጂኒያ በተካሄደው ችሎት ጠበቆቹ የልጁ አእምሮ ሙሉ በሙሉ በሙሐመድ ቁጥጥር ሥር እንደነበር ተከራከሩ። የጁሪ አባላቱ ጥፋተኛ ነው ቢሉም የሞት ቅጣት አልወሰኑበትም፤ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በሜሪላንድም ስድስት የዕድሜ ልክ ፍርዶች ተጨመሩበት። ሙሐመድ ኖቬምበር 10 ቀን 2009 በቨርጂኒያ ተገድሏል።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ራሱ ተለውጧል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 ወንጀሉን ሲፈጽሙ 18 ዓመት ያልሞላቸውን በሞት መቅጣት ከለከለ። በ2012 ደግሞ ያለ አመክሮ የዕድሜ ልክ እስራት በእነርሱ ላይ በግዴታ እንዳይጣል ወሰነ። የማልቮ አቤቱታ በ2019 እስከዚሁ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሆኖም ቨርጂኒያ በ2020 በልጅነታቸው የተፈረደባቸው ሁሉ ከ20 ዓመት እስራት በኋላ አመክሮ እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ሕግ በማውጣቷ ክርክሩ ተቋረጠ።

በኦገስት 2022 የሜሪላንድ ከፍተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአራት ድምፅ ለሦስት ማልቮ ቅጣቱ እንደገና ሊታይለት ይገባል ሲል ወሰነ። ከአራት ቀናት በኋላ የቨርጂኒያ የአመክሮ ቦርድ በበኩሉ፣ ለኅብረተሰቡ አሁንም አደጋ ነው በማለት የመፈታት ጥያቄውን ውድቅ አድርጓል።