ቁልፍ ጠባቂውን ማን ይጠብቀው?

ፈተና የመምህር አደራ ነው። ድሮ አደራው ካዝና ውስጥ ይቆለፍ ነበር፤ ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አደራ ሲጓደል የሚመጣውን አገር አይቶታል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ አፈትልኮ በመውጣቱ ተሰረዘ። በሐምሌ እንደገና ሲሰጥ ደግሞ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘጉ። ያጠፉት ጥቂቶች ሲሆኑ ፍዳውን ያየው ግን ሌት ተቀን ያጠናው ተማሪ ሁሉ ነበር።

እኛስ? በሊኑክስ ኮምፒዩተር ላይ የፈተና ጥያቄንና የተማሪን ውጤት በምስጢር ቁልፍ መቆለፍ ይቻላል። ቁልፉ ራሱ ደግሞ በይለፍ ሐረግ ይታሰራል። «ኧረ ያንን ሁሉ ሐረግ በየደቂቃው ማን ይጽፋል?» እያሉ ቁልፉን ያለ ሐረግ የሚተዉ አሉ። ይህ በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ኤጀንት የሚባለው ቁልፍ ጠባቂ ፕሮግራም የተሠራው እኮ ለዚሁ ነው! ሐረጉን አንዴ ጠይቆ ለጊዜው ይይዝልናል፤ ሥራ በመጣ ቁጥር ይከፍትልናል፤ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋም ይረሳዋል።

ይሁን እንጂ ጠባቂው ሰው አይለይም። እኛ ለሻይ ስንወጣ ወንበራችን ላይ የተቀመጠውን ሁሉ እንደ ጌታው ያስተናግዳል። ስለሆነም ገደብ ያስፈልገዋል። ፋይል የሚቆልፈው የጂፒጂ ኤጀንት፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ ለ10 ደቂቃ ካልተጠቀሙበት ሐረጉን ይረሳል፤ ቢጠቀሙበትም ከ2 ሰዓት በላይ አይዝም። ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኘው የኤስኤስኤች ኤጀንት ግን ካልነገሩት በስተቀር የጊዜ ገደብ የለውም። ቁልፉ ሲሰጠው የሚቆይበት ጊዜ አብሮ ይነገረው።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው። በጋራ በምንሠራበት የኮምፒዩተር ክፍል እያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ ይኑረው። ያለ ሐረግ የተተወ ቁልፍ አይኑር። «አሰለቸኝ» ብሎ 10 ደቂቃውን ወደ ሙሉ ቀን ማራዘም ይቅር። ከወንበር የሚነሳ ሰው ስክሪኑን ቆልፎ ይነሳ። ሐረግን ለጓደኛ መንገርም ደግነት አይደለም፤ ነገ ጥፋት ቢመጣ ጓደኛን ለሐሜት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሰልጣኞች ሆይ! ነገ ኢታንግ፣ አቦቦ ወይም ላሬ ስትመደቡ የትምህርት ቤቱን ኮምፒዩተር የምትይዙት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ልማዱ ከወዲሁ ይያዝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ዛሬውኑ እንጀምር!